ፎቶግራፍ አንሺው በአዲሱ ቤቱ

ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ከሰው ደስታ የማይቀር፣ በገዛ ቤቱ ደስታ ላይ ግን የማይገኝ ሰው ነው። እሑድ ጧት ሌላው ሰው ከልጆቹ ጋር ቁርሱን ሲቆርስ፣ እሱ የካሜራ መቆሚያውን በትከሻው አጋድሞ በሙሽሪት ደጃፍ ይቆማል። የሰው ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ የሰው ልጅ ሲመረቅ፣ የሰው ልጅ ሲሞሸር ሲያነሣ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የራሱን ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት ለሸክላ ሠሪዋ ብቻ የተተረተ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው ባለሙያዎቹን ለማማት አይደለም። ዛሬ ተማሪውም ሆነ ጸሐፊው፣ መዝገብ ቤት የሚሠራውም ሆነ ገንዘብ ያዡ፣ ሁሉም በኪሱ ካሜራ ይዞ ይዞራል። እንግዲህ ሁላችንም ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሆንን፣ የፎቶግራፍ አንሺው ጉድለት የሁላችንም ጉድለት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የአንዱን ሰው ነገር ባጫውታችሁ ለራሳችሁ የሚሆን ምክር አታጡበትም።

ሰውየው ወዳጄ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ስለ ለመነኝ አልጠራውም። ሃያ ዓመት ያህል ሠርግ ሲያነሣ ኖሯል። ከጥቂት ዓመት በፊት አባቱ ዐረፉና ዘመድ በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ የአባትየው ምስል ተፈለገ። ወዳጄ ሣጥኑን ገለበጠ፤ ኮምፒዩተሩን በረበረ፤ የሰው ሙሽራ በሺህ የሚቈጠር ተገኘ፤ የአባቱ ምስል ግን አንድም አልተገኘም። በመጨረሻ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲጐላ ተደረገ። የማኅተሙ ክብ ጠርዝ በግራ ትከሻቸው ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ሳቂታው ሰው በመታወቂያው ላይ እንደማንኛችንም ኮስተር ብለው ስለ ነበረ፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ፦ «ምነው እንዲህ ተቈጡ?» ይል ነበር። ወዳጄ፦ «ከሐዘኑ ይልቅ ያቺ ማኅተም ቈረጠችኝ» ብሎኛል።

ከዚህ በኋላ ነው ቤተሰቡ ወደ አዲስ ቤት የሄደው፤ ቦሌ አራብሳ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ። እሱና ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ በመሀል ከተማ አሮጌ ሠፈር ዕድሜያቸውን የፈጁት እናቱም አብረው ገቡ። በገቡ ዕለት ወዳጄ ለራሱ አንድ ደንብ አወጣ፦ ድግስ ሳይጠብቅ፣ ልብስ ሳያስቀይር፣ ወር በገባ በ21 ቀን ቤተሰቡን በቤቱ ውስጥ ሊያነሣ ቈረጠ። ቀኑን የመረጡት እናትየው ናቸው። «የማርያም ዕለት ከሆነ እኔ አስታውስሃለሁ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ አልፈረሰም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ትንሽ አለመሆኑን ለማየት ወደ ኋላ መለስ ብሎ የፎቶግራፍን ታሪክ ማየት ይጠቅማል።

በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና ሃያ ዓመት ያህል ሲሆናት፣ ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ ከኦቶማን ግዛት ወደዚህች ከተማ መጣ። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺም ሆነ። ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው ካሜራቸውን በንግሥት ዘውዲቱና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አቆሙ። እንግዳ ሆኖ የገባ ቤተሰብ፣ የአገሩን ነገሥታት መልክ ለትውልድ ያቈየ ቤተሰብ ሆነ። ዛሬ የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት የምናየው በአብዛኛው በእነሱና በእነሱ መሰሎች ዓይን ነው።

ቤተ መንግሥቱስ አንሺ ነበረው፤ የተራው ሰው ቤትስ? የተራው ሰው መልክ የቈየው በየፎቶግራፍ ቤቱ ነው። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ፒያሳ ወጥተው፣ ካፖርትና ክራባት ካስፈለገ ከዚያው ተውሰው፣ ሥዕል በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመው ይነሡ ነበር። ከዚያ በጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብለው፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈው ወደ አገር ቤት ይልኩታል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከገጽ ገጽ የተሞላው የከተማይቱ ነዋሪዎች ከየቤታቸው አውጥተው በሰጡት በእንዲህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ነው። ዘፋኝም ሹምም ያልሆነ ሰው የብስክሌቱን መሪ ይዞ፣ ወይም ከጓደኛዋ ጋር ተቃቅፋ ቆማ፣ የከተማ ታሪክ ሆኖ ታየ። ያንን ያስቻለው ግን አንድ ሰው ወረቀቱን በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ስላኖረው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የጄት በረራ ሲጀምር የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ በሜዳ ላይ የተቀመጠ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ምሥራቃዊ አገር የእርሻ መሬት ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር የሙከራው ቦታ ቦሌ ገርጂ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ከተማው ወደ ፀሐይ መውጫ ገሠገሠ። በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ ከፒያሳና ከሌሎች የመሀል ከተማ ሠፈሮች ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ዳር ሄደ።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ከቤቱ የሚለቅም «ተነሣ» ይባላል፤ ፎቶግራፍ የሚነሣም «ተነሣ» ይባላል። ስንቱ ሰው ነው ከኖረበት ቤት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሣ የተነሣ! ግንቡ ሲፈርስ፣ የጓሮው ኮክ ሲቈረጥ፣ ጎረቤት ወደየአቅጣጫው ሲበተን፣ ቤቱ የነበረ መሆኑን የሚመሰክረው የሰው አፍ ብቻ ይሆናል። አፍ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

የወዳጄ እናት ከአሮጌው ቤት ሊወጡ ሲሉ፣ ልጃቸው በበራቸው ላይ እንዲቆሙ ቢለምናቸው፦ «ልጄ፣ ይህን ደሳሳ በር ደግሞ ማን ያየዋል?» ብለው እምቢ ብለው ነበር። እሱ ግን ቁልፉን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዞሩ ከጎን አነሣቸው። ዛሬ በአራተኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሁሉ እንግዳ ቆሞ የሚያየው ያንን ነው። የድሮ ጎረቤቶች ሲመጡ በሩን አይተው፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን የእድር ጥሩምባ የሚነፋበትን ጥግ አይተው፣ የሞተውንና የተሰደደውን እየጠሩ ቡናው እስኪበርድ ያወራሉ። ደሳሳው በር ሰው ሰብሳቢ ሆነ።

አዲሱ ቤት በበኩሉ ገና ትዝታ የለውም። የጋራ መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ሲረከቡት ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያልተቀባ ነው። አሮጌውን ቤት ሰው ያረጀበት ነው፤ አዲሱን ግን ሰው ገና ሊያረጅበት ነው። ወዳጄ በአንድ ዓመት ውስጥ ያስተዋለው ነገር፣ ቤት የሚለመደው በክፍል ብዛት ሳይሆን በወቅት መሆኑን ነው። ፀሐይዋ በታኅሣሥ በየት እንደምትገባ፣ ዝናቡ በሐምሌ በየትኛው መስኮት እንደሚመታ ሳያውቅ ሰው ቤቴ ሊል አይችልም። አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለው መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት እንዳሉት፣ እኔም የቤቱን ፎቶግራፎች በዚያው ተራ ልንገራችሁ።

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጥቅምት 21 ቀን ተነሣ። ዕቃ ገና አልገባም፤ እናትየው በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ልጆቹ በባዶው ክፍል ውስጥ ድምፃቸው ሲያስተጋባ ሲስቁ ይታያል። የጥቅምት አየር ክረምቱ አጥቦ ስለ ተወው የጠራ ነው፤ ከመስኮቱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የረር ተራራ ቅርብ መስሎ ቆሟል። በታኅሣሥ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። በዚህ ምክንያት መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ ቤት በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወለሉ ድረስ ይገባለታል። የወዳጄ ሚስት ይህን ያወቀችው ከባልዋ ቀድማ ነው፤ የቡናውን ረከቦት ወስዳ ፀሐይዋ የምታርፍበት ላይ አኖረችው። ባለሙያው ባልዋ የብርሃኑን ነገር የተማረው ከረከቦቱ ነው።

እዚህ ላይ ለጀማሪ የሚሆን አንድ ትምህርት አለ። ሰውን መስኮት ፊት ለፊት አቁማችሁ፣ መስኮቱን ከኋላው አድርጋችሁ አታንሡት፤ ፊቱ እንደ ጥላሸት ይጠቊራል። ከመስኮቱ ጎን አስቀምጡት። ብርሃኑ ግማሽ ፊቱን ሲዳስሰው፣ የሽበቱ ክርና የጉንጩ መስመር ሁሉ ይወጣል።

በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። ገናና ጥምቀት በዚህ ውስጥ ይውላሉ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ፣ ፀሐይዋም ጨካኝ ናት። ቤተሰቡ ጥር 11 ቀን ነጭ በነጭ ለብሶ ደረጃውን ሲወርድ ያየ ካሜራ ይደናገራል። ምክንያቱም ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ መሣሪያ ነው። ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ሆኖ ፊታችን ይጨልማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰዎቹን ወደ ጥላ ማስገባት፣ በስልክ የሚያነሣም ከሆነ በመስተዋቱ ላይ ነጠላውን ሳይሆን ፊቱን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው።

ስለ ፊታችን መጨለም ከተነሣ፣ ጥፋቱ የፊታችን እንዳልሆነ ወጣቶች ይወቁት። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ያድለው የነበረው፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው የቀለም ማመሳከሪያ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ብቻ ነበር። ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ስለ ነበር፣ የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ይወጣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ተቃራኒው መጥቷል፤ አንዳንዱ ስልክ ሳይጠየቅ ያነጣናል። የወዳጄ ልጅ አያቷን አንሥታ ስልኩ የፊታቸውን መጨማደድ ቢደመስሰው፣ እናትየው አይተው፦ «ይቺ ደግሞ የማን ሚስት ናት?» አሉ። ልጅቷም፦ «እማማ፣ አንቺ እኮ ነሽ» ብላ እንዲያነጣ የተደረገውን ዘጋችው። መልካም አደረገች። ሰባ ዓመት የተሠራን ፊት በአንድ ቅጽበት ማጥፋት ማሳመር አይደለም።

ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይዋ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትውላለች። በዚያን ጊዜ ቀትር ላይ የተነሣ ሰው ዓይኑ ጒድጓድ ይመስላል፤ ስለዚህ ጧት ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ማታ ከአሥር ሰዓት በኋላ ማንሣት ይሻላል። ፋሲካ ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ይገባል። በሬ በጋራ ገዝተው ቅርጫ የሚካፈሉት ጎረቤቶች ከየብሎኩ ወርደው በጋራው መገልገያ ቤት ይገናኛሉ። ስማቸውን የማያውቁ ሰዎች በአንድ ቢላዋ ዙሪያ ይተዋወቃሉ። የሙስሊም ጎረቤቶቻቸው በዓል ደግሞ በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እያለ በወቅቶች ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ ለኢድ የተነሣ ፎቶግራፍ አንድ ዓመት በፀሐይ፣ ሌላ ዓመት በዝናብ ይሆናል። የወዳጄ ልጆች ከፊት ለፊት ቤት ልጆች ጋር በደረጃው ላይ የተነሡት የኢድ ዕለት ነው።

በፋሲካው ፎቶግራፍ ላይ ግን አንድ ጉድለት ተገኘ። ድፎው አለ፣ ዶሮው አለ፣ እንግዳው አለ፤ ሚስትየዋ የለችም። ሁሉ በተሰበሰበበት ሰዓት እሷ ወጥ ልታወጣ ጓዳ ነበረች። ወዳጄ የድሮዎቹን የቤተሰብ አልበሞች ቢያገላብጥ ያው ነው፤ ያበሰለችው ሴት ከማዕዱ ፎቶግራፍ ላይ ጠፍታለች። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን ይዞ ጓዳ ይገባል። ሽንኩርት ስታቁላላ ከእንፋሎቱ መካከል ያነሣት ምስል፣ ሙሽራ ሆና ከተነሣችው ይልቅ እሷን ይመስላል። የራሷ ምስክርነት ነው።

ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ብዙ ሰው ክረምት ፎቶግራፍ አይነሣም ይላል፤ ባለሙያ ግን ይስቃል። ደመና ማለት በሰማይ ላይ የተዘረጋ ታላቅ ስስ መጋረጃ ነው። ጨካኙን ፀሐይ አጣርቶ ለስላሳ ያደርገዋልና ለሰው ፊት ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም። ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ አራተኛ ፎቅ ለመጡት እናት ግን ክረምቱ እንግዳ ሆነባቸው። «ዝናቡ አይሰማኝም እኮ» ይሉ ነበር። በቆርቆሮው ላይ የሚንደቀደቀውን የሐምሌ ዝናብ አርባ ዓመት ሲሰሙ ኖረው፣ እዚህ ከላያቸው ሌላ ሰው አለ እንጂ ጣሪያ የለም። ሐምሌ 21 ቀን የተነሡት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ቆመው፣ ዝናቡን ለመስማት ጆሯቸውን ወደ ውጭ አዘንብለው ነው። ያ ፎቶግራፍ አሮጌውን ቤት ሳያሳይ የአሮጌውን ቤት ናፍቆት ያሳያል።

በነሐሴ ቡሄ መጣ። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ለማለት ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ለደረጃ ወጡ፤ በአንድ ደረጃ ስምንት በር አንኳኩተው በአንድ ብሎክ የድሮውን ሠፈር ግማሽ አዳረሱ። ሙልሙሉን የሰጧቸውን ሰዎች ስም ሲመለሱ ለአባታቸው ነገሩት። በጳጉሜን ደግሞ በሩፋኤል ዕለት የዘነበውን ዝናብ ከግቢው መካከል ወርደው ተጠመቁበት። በመስከረም 21 አሥራ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ከመስኮቱ ላይ አደይ አበባ በብርጭቆ ቆማለች፤ ክፍሉ አያስተጋባም፤ ልጆቹም አንድ ጣት ያህል አድገዋል። ባዶው ክፍል ቤት ሆነ።

በእነዚያ አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች ላይ ግን እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱ አንሺው ነው። ነገሩን ያስተዋለችው ሚስቱ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ነገ ልጆቹ እናታችን ብቻዋን አሳደገችን ቢሉ ምን ትመልሳለህ?» ብላ ካሜራውን ከእጁ ቀማችው። ያ ሃያ ዓመት ሰው ሲያቆም የኖረ ሰው፣ ሲቆም እንደ ጀማሪ ደነገጠ። «እጄን ምን ላድርገው?» አለ። እናትየው፦ «ልጅህን ያዝበት» አሉት። ፎቶግራፉ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ወጣ፤ ቢሆንም በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

እንግዲህ ማንሣቱ ግማሹ ሥራ ነው፤ ማቈየቱ ሌላው ግማሽ ነው። በስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶግራፍ ስልኩ የጠፋ ዕለት ይጠፋል። ስለዚህ የሚወደድ ምስል ቢያንስ በሦስት ቦታ ይኑር፦ በስልኩ፣ በሌላ ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ዘመድ ዘንድ። ከወሩም አንዱን መርጦ በወረቀት ማሳተም ይገባል። ወረቀቱ ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ አይደገፍ፤ የክረምት እርጥበት ሻጋታ ያበቅልበታል። ሙጫ ያለው ተጣባቂ አልበምም ዓመታት ሲያልፉ ምስሉን ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ስም ይጻፍ። በጀርባው፣ በእርሳስ፣ ሳይጫኑ፦ እነማን እንደ ሆኑ፣ የት እንደ ሆነ፣ ቀኑን፣ ማን እንዳነሣውም። እስክሪፕቶ ግን ይወጋና ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። ዓመቱን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ። ስልካችሁ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው፤ እናታችሁ የምታስበው በእኛ ነው። ዝም ብሎ «2016» የተባለ እንደ ሆነ የልጅ ልጅ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይወርሳል። ስም የሌለው ፎቶግራፍ በአንድ ትውልድ ዘመድ ነው፤ በሁለተኛው ይመስለኛል ይሆናል፤ በሦስተኛው እንግዳ ሰው ነው።

የጎረቤትን ምስል ለሕዝብ ማሳየት ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27፣ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ሲጻፍ የዛሬው ስልክ አልታሰበም፤ ክብሩ ግን ያው ክብር ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች በተለይ ይህን ማወቅ ይገባችኋል።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ፦ «እኔ የራሴ ቤት የለኝም፤ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ የምን ወቅት፣ የምን አልበም?» ይል ይሆናል። ይህ ምክር ይበልጡን ለእሱ ነው። ባለቤቱ ቤቱን አሥር ዓመት ያየዋል፤ ተከራይ ግን በየዓመቱ ይነሣል። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለባት ክፍል፣ ሳሙና ያበደሩት የአከራዩ እናት፣ ለፈተና ያጠናባት የዶርም ጠርዝ፣ ከመኝታው ሥር ያለው ምድጃ፣ እነዚህ ሁሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፈልጎ የሚያጣቸው ናቸው። የማርያምን ዕለት ማስታወስ ባይሆንለት ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን አይረሳውም። በዚያ ቀን አንድ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከዓመቱ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ በአሥር ዓመት መቶ ሃያ። ከእነዚያም አንዱን በወረቀት አሳትሞ፣ በጀርባው ስሙን ጽፎ፣ አገር ቤት ላለች እናቱ ይላክላት። በስልክ የምትልክላትን ለማየት የሰው ልጅ መለመን አለባት፤ ወረቀቱን ግን ከትራሷ ሥር አድርጋ ብቻዋን ታየዋለች።